የትርንጎ ደብተር

ባለፈው ሳምንት አባቴ እግሩን ስለታመመ ልጠይቀው በሱዳን ድንበር ወዳለችው ኮኪት ወረድኩ። በደረስኩ በማግስቱ ከመጋዘኑ ፋስ እንዳመጣለት ላከኝ። ቁልፉን ከፍቼ የቆርቆሮውን በር ስገፋው የታፈነ ሙቀት ፊቴን መታኝ፤ የአሮጌ ጆንያ፣ የናፍጣና የሰሊጥ ብናኝ ሽታ አብሮት ወጣ። ከሁሉም በታች ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ስስ ሽታ ነበረበት። እዚያ ቤት ነጭ ሽንኩርት ተቀምጦ አያውቅም። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና ወደ ኋላ ተመልሼ ከኒሙ ዛፍ ሥር ቆምኩ። ሽታው እውነት እዚያ ይኑር፣ ወይስ አፍንጫዬ ከሩቅ ዓመት ያመጣው ይሁን እስካሁን አላወቅኩም።

አባቴ ከቤት ሆኖ «ምን ሁነሽ ቆየሽ?» አለኝ።

«ትንሽ ይናፈስ ብዬ ነው።»

«ያ ደረቅ ጎጃሜ አስፈራርቶሽ ቀረ» ብሎ ሳቀ።

ደረቅ ጎጃሜ የሚለው የመጋዘናችን ጠባቂ የነበሩትን አያ አበጀን ነው። አያ አበጀ ደረቅ ሰው አልነበሩም። ይህን በእርግጠኝነት የምናውቅ ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ አንዷ እኔ ነኝ፣ ሌላው እሳቸው። ሁለታችንም ለአባቴ አልነገርነውም።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ኬሚስትሪ የሚባለውን ትምህርት የጀመርነው በዚያ ዓመት ነው። መምህራችን ደሳለኝ ከደብረ ታቦር አካባቢ የመጣ፣ ማስተማር ከጀመረ ገና የመጀመሪያ ዓመቱ የሆነ ቀጭን ወጣት ነበር። የእኛ ሙቀት አልስማማ ብሎት ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ላቡ በክርኑ ይንጠባጠባል፤ እኛ ደግሞ ከኋላ ሆነን ጠብታውን እንቆጥራለን። ትምህርት ቤታችን በሩ ላይ «ቤተ ሙከራ» ተብሎ የተጻፈበት ክፍል ነበረው። ውስጡ ግን ከተሰባበሩ ዴስኮችና ጣሪያው ሥር ከሰፈረ የንብ መንጋ በቀር ምንም አልነበረም።

በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። እኔ ያየሁት የእርሻ ካርታ ነው። በየአራት ማዕዘኑ ቁጥርና ስም የተጻፈበት፣ ባለሀብቶቹ መሬት ሲከፋፈሉ ጠረጴዛ ላይ ከሚዘረጉት አንዱ ነው አልኩ። ሃይድሮጅን የተባለው ሰው ቀድሞ መጥቶ ዳሩን ይዟል። ሂሊየም ራቅ ብሎ ማዶ ጫፍ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ ከጎረቤት ጋር የማይስማማ ሰው መሆን አለበት። ከዋናው ተለይተው ከታች የተሰመሩት ሁለት ረድፎች ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ የያዙት መሰሉኝ። ጎኔ የተቀመጠችው ትርንጎ ይህን ስነግራት አፏን በእጇ ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች፤ እኔ ግን ከልቤ ነበር።

«በዓለም ላይ የምታዩት ሁሉ ከእነዚህ ነው የተሠራው» አለን መምህር ደሳለኝ። «መሣሪያ የለንም፤ ስለዚህ እናንተው አምጡልኝ። ከየቤታችሁ፣ ከየጋራዡ ለቅማችሁ ኑ።»

ኮኪት ላይ ይህ ማለት ድግስ መጥራት ነው። አንዱ ከተቃጠለ ዲናሞ የመዳብ ሽቦ ፈትቶ መጣ። አንዱ ከሞተ የመኪና ባትሪ እርሳስ ሰብሮ አመጣ። የሬዲዮ ድንጋይ ሰንጥቀው ጥቁሯን ዘንግ ያመጡ ሰባት ነበሩ፤ መምህሩ «ካርቦን በዛ» አለ። ከገበያ ቢጫ ድኝ የገዛም ነበረ። እኔ የእናቴን የድስት ክዳን ወሰድኩ። አሉሚኒየም፣ አስራ ሦስተኛ። መምህሩ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጦ ከሥሩ ምልክቱን በወረቀት ጻፈለት፤ እናቴ ደግሞ ማታ በማማሰያ እጄ ላይ ጻፈችልኝ። ቢሆንም አሉሚኒየም የእኔ ሆነ። ክፍል ስገባ በመጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ከዚያ በኋላ ዕቃ ማየት አቆምኩ። ትራክተሩን ሳይ ብረት፣ ምድጃውን ሳይ ካርቦን እል ነበር። መምህሩ አንድ ቀን «አንድ ነገር ከምን እንደተሠራ ማወቅ የመጀመሪያው በር ነው፤ ቀሪውን በሚቀጥለው ምዕራፍ እናየዋለን» ብሎ ነበር። እኔ በሩን ካለፍኩ ቤቱ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። አንድ ነገር ከምን እንደተሠራ ካወቅኩ ነገሩን አወቅኩት ማለት ነው፣ አለቀ። ማንም እንዲህ ብሎ አላስተማረኝም፤ ራሴ ነኝ የጨረስኩት።

የሚያስተምር ሰው ተማሪ ይፈልጋል። የእኔ ተማሪ አያ አበጀ ነበሩ። በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ከሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ ከምንላቸው፣ አንዱ ናቸው። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ አባቴ ዘንድ ሠርተዋል። ወገባቸው አልታጠፍ ሲል አባቴ ማጭዱን አስጥሎ የመጋዘኑን ቁልፍ ሰጣቸው። መጋዘኑ ግቢያችን ውስጥ በመንገዱ በኩል ጫፍ ላይ ነው። እሳቸው በሩ ላይ በጠፍር አልጋቸው ተቀምጠው የተቀደደ ጆንያ በወስፌ ሲሰፉ ይውላሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀና ብለው «እሽ፣ ዛሬስ ምን አሏችሁ?» ይሉኛል።

ጥያቄው ለወግ አልነበረም። «የኔዋም ሰባተኛ ናት» አሉኝ አንድ ቀን። «እንደኔ ደንቆሮ ሁና እንዳትቀር ነው የምለፋው። ስመለስ ባዶ እጀን አልገባባትም።» ስለዚህ የቫዝሊን ዕቃ አጥበው እኔ የምነግራቸውን እያንዳንዱን ነገር ቁራሽ ቁራሽ ያጠራቅሙላት ጀመር። ሚስማር፣ የመዳብ ሽቦ፣ የባትሪ ዘንግ። እኔ የማሽላ አገዳ ይዤ ፊታቸው እቆማለሁ።

«ይኸ ማነው?» ይላሉ ሚስማሩን አንስተው።

«ብረት። ሃያ ስድስተኛ።»

«ይኸስ?»

«ካርቦን። ስድስተኛ።»

«ኸስድስት እስከ ሃያ ስድስት ያሉት የት ሄዱ?»

«ገና አልደረስንባቸውም።»

«እንጠብቃቸዋለን እንግዲያ» ብለው ዕቃውን ይከድናሉ።

ፎስፈረስን በተማርንበት ቀን በጣም ተደነቁ። አጥንት ውስጥ እንዳለ ነገርኳቸው፤ የክብሪት ቀፎው መጫሪያ ላይም እንዳለ ነገርኳቸው። «በኔ አጥንት?» አሉ። «በእርስዎም አጥንት» አልኳቸው። ክንዳቸውን አገላብጠው አዩት። «እኔ እኮ ለካ ክብሪት ነኝ፤ ለዚህ ነው ሚስቴ አትጠጋኝ የምትለው» አሉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። አዋቂ ሰው እኔ በተናገርኩት ነገር ሲደሰት ያየሁት ያኔ ነው። ልቤ አበጠ። አባቴ እኮ ስለ ትምህርቴ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ሲናደድ ብቻ «ኸትምህርት ቤት አውጥቸ ነው የማሳርፍሽ» ይል ነበር።

ጥቅምት ላይ ሰሊጡ ደረሰ። ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይታገሥም። ሁለት ቀን ካዘገዩት ቅርፊቱ አፉን ይከፍትና ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ሰሊጥ ሲደርስ ኮኪት ባዶዋን ትቀራለች፤ ነጋዴው ሱቁን ይዘጋል፣ ተማሪው ደብተሩን ይሰቅላል። እኔም በአህያ ጀሪካን ጭኜ ለአጫጆቹ ውሃ ለማመላለስ እርሻ ወረድኩ። መምህር ደሳለኝ ይህን ልማድ አያውቀውም ነበር። ሰኞ ክፍል ሲገባ ከሃምሳችን ዘጠኝ ተማሪ ብቻ አገኘ አሉ። ተቆጣና ትምህርቱን አላቆምም አለ። የቀሩት ይማራሉ፣ የሄዱት ሲመለሱ ይገልብጡ።

ትርንጎ ከቀሩት አንዷ ነበረች። እናቷ ሻይ ቤት ስለነበራት እርሻ የላቸውም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ ደብተሯን በፕላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«አንድ ምዕራፍ ሙሉ ነው። እስከ ሰኞ ገልብጠሽ መልሽልኝ» አለችኝ። «ይኸኛው ኸፊተኛው ይለያል፤ በደንብ አንብቢው።»

ትርንጎ በፈተና ሁልጊዜ ከእኔ በታች ናት። ከእሷ የምማረው ነገር ያለ አልመሰለኝም። ደብተሯን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ረሳሁት። ረሳሁት ማለቴ እንኳ ለራሴ ማዳላት ነው። ከእርሳሴና ከመጽሐፎቼ መካከል በየቀኑ አየው ነበር፤ እያየሁ ነው የተውኩት።

በዚያው ሰሞን አባቴ መጋዘኑ ውስጥ በከረመው ማሽላ ላይ ነቀዝ አገኘ። አዲሱ ሰሊጥ ከመግባቱ በፊት መድኃኒት ይደረግበት ተባለ። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ከገበያ መጣ። ፊቱን በሻሽ ጠቅልሎ ገባ፣ ቶሎ ወጣ፣ የበሩን ዙሪያ በጭቃ መረገ። ለአባቴ የነገረውን አባቴ ለአያ አበጀ ሲደግመው እኔም ሰምቻለሁ።

«እስከ ቅዳሜ ማንም እንዳይገባ። አንተም ኸውጭ ተኛ።»

«ይሁን» አሉ አያ አበጀ። አልጋቸውን ተሸክመው ከኒሙ ሥር አደረጉት። አባቴ በማግስቱ ለትራክተር ዕቃ ወደ አብርሃ ጅራ ከተማ ሄደ።

ከዚያ ያልታሰበ ዝናብ መጣ። በኅዳር ሰው ዝናብ አይጠብቅም፤ ያጨደውን ሰሊጥ ሸራ የሚያለብስ ሁሉ እየሮጠ ነበር። አያ አበጀን ደግሞ ወባቸው ተነሳባቸው። እናቴ ቤት ገብተው እንዲተኙ ለመነቻቸው። «ቁልፉን ይዠ እንዴት በሩን ጥየ እሄዳለሁ?» ብለው እንቢ አሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በራሰ ጋቢ ተጠቅልለው አልጋው ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

«እንጉዳይ፣ ነይማ» አሉኝ። ከአልጋው ሥር ባዶ ቆርቆሮ አወጡ። ሰውየው ጥሎት የሄደው ነው። ብርማ፣ ቀላል፣ አንገቱ ጠባብ። ወረቀቱ በዝናብ ተልጦ አንድ መስመር ብቻ ቀርቷል። «ይችን አንብቢልኝ። ይኸ ነገር ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ልወቀው።»

ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ቆርቆሮውን ተቀበልኩ። በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተጻፈው። የመጀመሪያውን ቃል እንዳየሁ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። የእኔው አሉሚኒየም ነው። ሁለተኛው ቃል ሲጀምር ፎስፈረስን ይመስላል፤ ጅራቱ ላይ ግን ይለያል፣ እንደዚያ ብሎ ሲያልቅ አይቼ አላውቅም። ጅራቱን ዘለልኩት።

«አሉሚኒየምና ፎስፈረስ ነው» አልኳቸው።

«አሉሚኒየም ያ የድስቱ?»

«አዎ።»

«ፎስፈረስ ያ ያጥንቱ?»

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«ድስትና አጥንት!» አሉ እየተንቀጠቀጡ። «እንግዲያ ሾርባ ነው በይኛ።»

ሳቅን። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ቆም አሉና «ሌላ የለበትም?» አሉኝ።

«የለበትም።»

«ሰውየውስ ፊቱን ተከናንቦ የገባው ምን ሁኖ ነው?»

«ለአቧራው ይሆናል።»

ይህችን መልስ ከየት እንዳመጣኋት አላውቅም። አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። እሳቸው ፊት ግን አላውቅም ብዬ አላውቅም፤ ያልደረስንበትን እንኳ «ገና አልደረስንበትም» ነበር የምለው። ተማሪዬ ፊት ትንሽ ከምሆን የአቧራ ወሬ መፍጠር ቀለለኝ።

«እንግዲያ ኸበሩ ውስጥ ጥግ ልያዝ፤ ይኸ ብርድ ሳይገለኝ» አሉ።

«ይግቡ። ምንም አይልዎትም» አልኳቸው።

እንዲህ ነው ያልኩት። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ድምፄን ጭምር። መምህር ደሳለኝን መስዬ ነው የተናገርኩት።

ጠዋት እናቴ አጥሚት ይዛላቸው ሄዳ ስትጮህ ሰማሁ። አያ አበጀ በሩ ፊት ለፊት ጭቃው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። እየተሳቡ የወጡበት መንገድ ጭቃው ላይ ይታያል። አስመልሷቸዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ትንፋሻቸው እንደ መጋዝ ይፋጫል። ከተከፈተው በር ነጭ ሽንኩርት የሚመስለው ሽታ ይወጣ ነበር። እናቴ «እንዳትጠጊ» ብላ ገፍታ አባረረችኝ። መንገድ ላይ ሰሊጥ የጫነ መኪና አስቁማ ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው፤ ከዚያ ወደ ጎንደር ተላኩ። በኋላ እንደተነገረን ያተረፋቸው በሩን ገርበብ አድርገው ደፉ ላይ መተኛታቸው ነው።

እናቴ ስትመለስ «ኦክስጅን የሚሉትን አደረጉላቸው» አለችኝ። ስምንተኛ ነው፣ አልኩ በልቤ። ቁጥሩን አውቃለሁ፤ ለማን ምን ጠቀመ?

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። የትርንጎን ደብተር ከፕላስቲኩ አወጣሁት። «ውሁድ» የሚል ርዕስ በሁለት መስመር ተሰምሮበታል። ከሥሩ ምሳሌ አለ። ሶዲየም ውሃ ሲነካው የሚንቀለቀል ንጥረ ነገር ነው። ክሎሪን የሚያፍን መርዛም ጋዝ ነው። ሁለቱ ሲዋሐዱ በየቀኑ የምንበላው ጨው ይሆናሉ። ከዚያ ትርንጎ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈችው ነበር፤ የውሁድ ጠባይ ከተሠራባቸው ንጥረ ነገሮች ጠባይ ፈጽሞ የተለየ ነው። የስማቸው መጨረሻ ሲለወጥ ተጠንቀቁ፣ ይላል ቀጥሎ፤ አሁን የምታወሩት ስለ ሌላ ነገር ነው።

ሁለት ክፉዎች ተዋሕደው ጨው ከሆኑ፣ ሁለት ደጎች ተዋሕደው ምን ሊሆኑ እንደሚችሉ መምህር አያስፈልገኝም ነበር። ገጹን አራት ጊዜ አነበብኩት። ከኒሙ ሥር ቆሜ ያችን ቆርቆሮ ሳነብ ይህ ደብተር ጀርባዬ ላይ ነበር። ዚፕ መክፈት ብቻ ነበር የቀረኝ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ፤ ግን ማንም አልፈለገኝም፤ እናቴ ምሳ እንድበላ ጠራችኝ፣ በላሁ።

አያ አበጀ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊያመጣቸው ከሄደው ከአባቴ ጋር ከጎንደር መጡ። ጋቢያቸው ሰፍቷቸዋል። ከመኪናው ወርደው መጋዘኑ ድረስ ሲሄዱ ሦስት ጊዜ ቆመው አረፉ። ሠራተኞቹ ተሰበሰቡ። አባቴ ደንግጦ ነበር የከረመው፤ ሰው እጁ ላይ ሊሞትበት ነበርና። ድንጋጤው አሁን ቁጣ ሆኖ ወጣ።

«አትግባ አላልኩህም?»

«ብለኸኛል።»

«ታዲያ ማን ነው ግባ ያለህ?»

እኔ የውሃ ጣሳ ይዤ ከአባቴ ጎን ቆሜያለሁ። አያ አበጀ ወደ እኔ አላዩም። ሰው ሆን ብሎ ሳያይሽ ሲቀር ይታወቅሻል።

«ማንም አላለኝ» አሉ። «በረደኝ፣ ገባሁ።»

«ሲነግሩህ የማትሰማ ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ነህ?»

«ልክ ነህ።»

ትንፋሻቸውን ሰብስበው «ጆንያ ማንሳት ባልችል ጥበቃውን እችላለሁ» አሉ። ልመና ነበር። ሲለምኑ ሰምቻቸው አላውቅም።

«አይሆንም» አለ አባቴ። «የማይሰማ ሰው መጋዘን አይሰጠውም። ኸላስ፣ አለቀ።»

ለመናገር ጊዜ ነበረኝ። ምላሴ ተሳሰረ ብል ውሸት ነው። አፌ ውስጥ ቃሉ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እኔ ነኝ ይግቡ ያልኳቸው፣ እሳቸው ጠይቀው ነው የገቡት። ይህን ብል ደረቅ አይደሉም ማለት ነው፤ ሥራቸው አይሄድም። ግን አሰብኩ። አባቴ ከትምህርት ቤት አውጥቶ እንደሚያስቀረኝ አሰብኩ፤ መስኮቱ ደፍ ላይ ያለው የድስት ክዳኔ ትዝ አለኝ። በአንድ በኩል የእሳቸው እንጀራ፣ በሌላ በኩል የእኔ ክፍል ነበረ፤ እኔ ክፍሌን መረጥኩ። ከዚያ ጣሳውን ለአባቴ ሰጠሁት፣ ጠጣ።

አያ አበጀ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ኒሙ ሥር ብቻችንን ሆንን። የቫዝሊኑን ዕቃ ከፍተው ቁራጮቹ መኖራቸውን በጣታቸው ዳሰሱ፤ በጨርቅ ቋጥረው ጆንያቸው ውስጥ ከተቱት። እንዳልተቆጡኝ ገባኝ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እንጉዳይ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ኸዚያች ቆርቆሮ ላይ ያላነበብነው ነገር ነበር እንዴ?»

ያላነበብነው አሉኝ። እሳቸውም የሚያነቡ ይመስል ጥፋቱን ለሁለት ከፈሉት።

«ወረቀቱ ተቀዶ ነበር» አልኳቸው።

እውነት ነው፤ ተቀዶ ነበር። ከዚህ የበለጠ ውሸት ግን በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም።

ፊታቸው ቀለል አለ። «እንዲያ ነው» አሉ። «ዝናቡ ነዋ። አንች ምን ታደርጊ ልጀ? ለኔዋም እነግራታለሁ፤ ወረቀቱ የተቀደደ ዕቃ እንዳታምን።»

በጎንደር መንገድ የሚሄድ መኪና ላይ ጆንያቸውን አቀበልኳቸው። ለመውጣት የረዳቸው ጓዛቸውን የተጋራ አንድ ወጣት አጫጅ ነው። በሚቀጥለው ዓመት አልመጡም። የት እንዳሉ ለማወቅ በኋላ ሞክሬ ነበር፤ ግን የማውቀው ጎጃም መሆናቸውንና አበጀ መባላቸውን ብቻ ነው። እኔ የተማርኩትን ሁሉ እሳቸው ያውቁ ነበር። እኔ ግን የወረዳቸውን ስም ጠይቄያቸው አላውቅም። የልጃቸውን ስም እንኳ አልጠየቅኩም፤ «የኔዋ» እንዳሏት ቀረች።

ጥር ላይ ፈተናው መጣ። የንጥረ ነገርና የውሁድ ልዩነት ምንድን ነው፣ በምሳሌ አስረዱ የሚል ጥያቄ ነበረበት። የእኔ መልስ ከክፍሉ ሁሉ በልጦ መምህር ደሳለኝ ጮክ ብሎ አነበበው። «የገባው ሰው እንዲህ ይጽፋል» አለ። ትርንጎ አጨበጨበችልኝ። አባቴም ወሬው ደረሰው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ስለ ትምህርቴ ተናገረ። ለአዲሱ ጠባቂ መጋዘኑን ሲያስረክበው ወደ እኔ እየጠቆመ «የመድኃኒት ነገር ሲሆን ይችን ጠይቅ፤ እንደዚያ ደረቅ እንዳትሆን» አለው። ሰውየው ፈገግ ብሎ አየኝ። እዚያም ላይ ዝም አልኩ።

አባቴ ታሪኩን እስካሁን ለእንግዳ ያወራዋል። ሲያወራው የሚያስቅ አድርጎ ነው፤ ክፋት የለበትም፣ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ከትምህርት ቤት የሚያወጣኝ የለም፤ እሱም አሁን ሽማግሌ ነው፣ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠ። ዝም የምልበት ምክንያት ካለቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

ፋሱን ከሰጠሁት በኋላ ደብተር ይዤ ወጣሁና ሁሉንም እዚህ ጻፍኩት። አንድም ነገር አላስቀረሁም። እንዴት እንዲህ ቀለለኝ ብዬ ራሴን ስጠይቅ ምክንያቱ ገባኝ። አባቴ ማንበብ አይችልም። አያ አበጀም አይችሉም ነበር። እውነቱን ያስቀመጥኩት የሚመለከታቸው ሁለቱ ሰዎች በማይደርሱበት ቦታ ነው።

ልጨርስ ስል አባቴ በከዘራው ተደግፎ እስከ በሩ ወጣ። ደብተሬን አይቶ «ይኸን ሁሉ ምንድን ነው የምትጽፊው?» አለኝ።

«የሥራ ነው» አልኩት።